ደም መለገስና የጉበት ደዌ

ደሙን ለወገኑ የሚሰጥ ሰው የሚያደርገው ቸርነት ከገንዘብ ስጦታ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ዳሩ ግን ስጦታው ለተቀባዩ ፈውስ ይሆን ዘንድ ደሙ አስቀድሞ መመርመር አለበት። በደም ከሚተላለፉት ደዌዎች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ነውና። ሕዝቡ የታመመው ሰው ዓይን ብጫ ሲሆን አይቶ የወፍ በሽታ ይላል፤ ነገር ግን በዚህ ደዌ ከተያዙት ብዙዎቹ አንዳች ምልክት ሳይታይባቸው ረዥም ዘመን ይኖራሉ። ስለዚህ ጤነኛ ነኝ ብሎ ደም ሊሰጥ የመጣ ሰው መታመሙን መጀመሪያ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከደም ባንክ ነው።

አሜሪካዊው ሊቅ ባሩክ ብለምበርግና ባልደረቦቹ ከአንድ የአውስትራሊያ ተወላጅ ደም ያገኙትን ልዩ ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ገለጡ። ይህም የዚሁ ደዌ ምልክት መሆኑ በኋላ ስለ ታወቀ የለጋሾችን ደም ለይቶ መመርመር ተቻለ። ብለምበርግም በ1976 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ምርመራው ብቻውን አይበቃም። ደዌው ከያዘ በኋላ ምልክቱ በደም ውስጥ እስኪገኝ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉና፤ በዚያ መካከል የተሰጠ ደም ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ለጋሹ ሲጠየቅ የሚሰጠው እውነተኛ መልስ እንደ ምርመራው ሁሉ ዋጋ አለው። ባልተቀቀለ መርፌ ተወግቶ፣ በሌላ ሰው ምላጭ ተላጭቶ፣ ተነቅሶ ወይም እንጥሉን አስቆርጦ እንደ ሆነ፣ ከብዙ ሰው ጋር በሩካቤ ተገናኝቶ እንደ ሆነ፣ በቤቱም ደዌው ያለበት ሰው እንዳለ መናገር ይገባዋል። ገንዘብ የቸገረው ወይም ዘመዱ በሞት አፋፍ ላይ ያለበት ሰው ግን እውነቱን ለመግለጥ ይከብደዋል፤ በፈቃዱና ያለ ዋጋ የሚሰጥ ለጋሽ የሚመረጥበትም ምክንያት ይህ ነው።

የተበከለውን ደም ጥሎ ሰውየውን በዝምታ ማሰናበትም ሥራውን በጎዶሎ መተው ነው። ነገሩ በምሥጢር ተነግሮት ወደ ሐኪም ሊላክ፣ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹም ተመርምረው ሊከተቡ ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለው፣ ሰው ደዌውን የሚደብቀው ይልቁንም መገለልን ስለሚፈራ ነው። ደዌው አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ የማይተላለፍ ስለ ሆነ በሽተኛውን ከማዕድ መለየት ግፍ መሆኑን ካህናት ለሕዝቡ ቢያስረዱ ታላቅ እርዳታ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2022 ዓ.ም. ደዌው ሥር የሰደደባቸው ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ። በሕፃንነቱ ከተያዘው ከአሥር ዘጠኙ ያህል ደዌው አይለቀውም። ስለዚህ ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ የሚተጋ ሹም የነገውን ደም ለጋሽ ዛሬ ይጠብቃል።