ሮብ የሌለበት ሳምንት

«መዝናናት» የሚለው ቃል በእኛ አገር ያልተጻፈ የዕድሜ ገደብ አለው። ጋዜጠኝነት በተማርኩበት ክፍል የመዝናኛ ገጽ አዘጋጅ የተባለ ተማሪ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሙዚቃ፣ ወደ ፊልም፣ ወደ እግር ኳስ ወይም አዲስ ወደተከፈተ ካፌ ነበር። የ70 ዓመት ሰው በምን ይዝናናል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ለአረጋውያን ያለን ቃል ሌላ ነው፤ «ማረፍ»። «እስከ ዛሬ ደክመዋል፣ በቃ አሁን ይረፉ» እንላቸዋለን። ማረፍ በአማርኛ ሌላ ምን ትርጉም እንዳለው ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

ነገሩ የሚብሰው በክረምት ማብቂያ፣ በነሐሴና በጳጉሜ ነው። ለወጣቱ ክረምት የዕረፍት፣ የኮርስና የፊልም ጊዜ ነው። ለአረጋውያን ግን ዝናቡና ብርዱ ደጁን የሚዘጋባቸው ጊዜ ነው። በረዶ የሚጥልባቸው አገሮች ይህን ስለሚያውቁ የብርዱ ወራት ሊያልቁ ሲሉ የአረጋውያን ማዕከሎቻቸው የእግር ጉዞ፣ የዳንስ፣ የካርታ ጨዋታ መርሐ ግብር ያወጣሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም የሚል ካለ ግን ጎጃምን አላየም ማለት ነው። መርሐ ግብሩ አለ። ችግሩ ስሙ «መዝናኛ» አለመሆኑ ብቻ ነው።

ሮብ ገበያን ውሰዱ። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ወደ አባይ የሚገቡ ብዙ ወንዞች የሚነሱበት ተራራ ነው። ስለዚህ ነሐሴ እዚያ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም፤ ጉም፣ ጭቃ፣ የሞላ ወንዝ፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ። የከተማዋ ስም ግን ራሱ ቀጠሮ ነው። ሮብ ሮብ ገበያ ይቆማል።

ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም ብዙ አይደለም። አረጋውያኑ ግን ይመጣሉ። ገሳ ወይም ጋቢ ደርበው፣ በዘንግ ጭቃውን እየመረመሩ፣ አንድ ቁና ገብስ ወይም አንዲት ዶሮ ይዘው ይመጣሉ። ሮብ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምሱ አሉ። ዶሮዋ ሰበብ ናት፤ ባትሸጥ ይዘዋት ይመለሳሉ። ዋናው ጉዳይ ማን እንደታመመ፣ ለመጪው ጥር ማን ልጅ እንደጠየቀ፣ ማዳበሪያ ስንት እንደገባ፣ በወዲያኛው ቀበሌ ያለው የክርስትና ልጃቸው ምን እንደወለደ መስማት ነው። ጥንት ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ የሚነገረውም በገበያ ቀን ነበር። እኛ ለዓመታት በዩኒቨርሲቲ የተማርነውን ሙያ እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ በነጻ ይሠሩታል!

ለጤናም ቢሆን ሮብ ትንሽ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ እንዳይወድቁ ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ ይመክራል። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ገበያ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ደቂቃው በአንድ ቀን ይሞላል። ሚዛን ለመጠበቅም ከነሐሴ ጭቃ የተሻለ አሠልጣኝ የለም።

ሌላም አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ነው፤ አረጋውያኑ ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ፣ ከቅዳሴ በኋላም ደጀ ሰላሙን ተጠግተው ይጫወታሉ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ጅራፍ የሚያጮኹትና ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆቹ ቢሆኑም ሙልሙሉን የምትሰጠውና የምትመርቀው አያት ናት። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል። ጳጉሜ ሲገባ ጠበሉ ይከተላል፤ በተለይ ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ቀን፣ የሚዘንበው ዝናብ ራሱ ጠበል ነው ተብሎ ልጅም አዛውንትም ደጅ ወጥቶ ይጠመቅበታል። ከዚያ መስከረም ነው። ሰውን ከክረምቱ ጨለማ ደረጃ በደረጃ የሚያወጣ መሰላል በሉት። ያወጣው ቢሮ የለም፣ በጀትም አልተያዘለትም።

ይህ መሰላል ግን ተናግቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ሲያበቃም ግጭቱ አብሮት አላበቃም። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይቀራል፤ ገበያ ሲቀር ሮብ ከማክሰኞ አይለይም። ስለዚህ ዐቅሙ የፈቀደልን ልጆችና የልጅ ልጆች አዛውንቶቻችንን ወደ አዲስ አበባ አመጣን። ማምጣታችን ትክክል ነው። የእኔ ጥያቄ ከመጡ በኋላ ስላለው ሕይወት ነው።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። አያቴ አንድ ክረምት እኛ ዘንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከርመዋል። ሞቅ ያለ አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ ነበራቸው። ደረጃውን የሚወርዱት በሳምንት አንዴ፣ እሑድ፣ ተደግፈው ነበር። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን «እማማ፣ አዲስ አበባን እንዴት አገኙዋት?» ብትላቸው፣ «እኔስ ምን አጥፍቼ እንደታሰርሁ የሚነግረኝ አጣሁ፣ ልጄ» አሏት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በሳምንቱ መካከል ደጋግመው «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ይሉ ነበር። ማስታወስ አቅቷቸው አይደለም። አንዱን ቀን ከሌላው የሚለይ ነገር አጥተው ነው።

«ታዲያ በጭቃና በጥይት መካከል ይቀመጡ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ሰውን ከአደጋ ማውጣት አንድ ነገር ነው፣ የሚኖርበት ምክንያት መስጠት ደግሞ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱን ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ገልጾ፣ በየዓመቱ ከ871,000 በላይ ሞት ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ስለዚህ «ሁሉ ነገር ሞልቶላቸዋል» ስንል የምንቆጥረው ምን ምን እንደሆነ እንጠንቀቅ።

«ፓርክ እንውሰዳቸዋ!» የሚልም አለ። እንጦጦ ፓርክም ወዳጅነት ፓርክም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ናቸው፤ መውሰዱ ጥሩ ነው። ግን አንድ ቀን ሄዶ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ሮብን አይተካም። ሮብን ሮብ ያደረገው በየሳምንቱ መመለሱ፣ መጠበቁ፣ ከቀሩ ደግሞ «ወዴት ጠፉ?» የሚል ሰው መኖሩ ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነው። በየሰፈሩ እድር አለ። ብዙው እድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ የራሱ ቤት ያለውም አለ። ይህ ሁሉ ንብረት የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። አንድ አዛውንት ከሰፈሩ ሰው ጋር በአንድ ድንኳን ሥር የሚገናኙት በሌላ ሰው ለቅሶ ነው፤ የመጨረሻው በራሳቸው። ታዲያ ከነሐሴ መግቢያ እስከ ጳጉሜ ማብቂያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሮብ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ የእድሩ ቤት ወይም ድንኳን ለሰፈሩ አረጋውያን፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ ቢከፈት ምን ይጎድለናል? ቡና ይፈላ። መፍተል የሚወዱ እናቶች እንዝርታቸውን ይያዙ። ገበጣ ይቅረብ። ከወጣቱ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ደረጃውን ደግፎ ማውረድ፣ ደረጃውን ደግፎ ማውጣት።

ገበጣ የእረኛ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የገበጣ ዓይነቶች ጥናት ማሳተማቸውን ልንገረው። ጃፓኖች ጌትቦል የሚሉት ጨዋታም በ1947 እ.ኤ.አ. ሆካይዶ ውስጥ የተፈጠረው ለልጆች ነበር፤ ኋላ ግን በአገሩ የታወቀው የአረጋውያን ጨዋታ ሆነ። ጨዋታን የሚያስረጀው የሚጫወተው ሰው መጥፋት ብቻ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን እንዲሆን ወስኗል። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። ያን ቀን ስለ አረጋውያን የምንናገረው ብዙ ነው። ግን መስከረም 21 ዝናቡ አባርቷል፣ መስቀልም አልፏል፣ ብቻቸውን የተቀመጡባቸው ሳምንታትም ተቆጥረው አልቀዋል። አረጋውያን የሚፈልጉን ከዚያ በፊት፣ በነሐሴ ጭቃ ነው። ቤታችሁ አዛውንት ካሉ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጋችሁ «የእርስዎ አገር ገበያ በስንት ቀን ነበር የሚውለው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስትሰሙ፣ ያን ቀን ከሥራ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ውጡ።