የሰሊጥ ጥሪት ወደ ተሽከርካሪ ሲለወጥ፦ ታማኙን ሻጭ በምን እንለየው?

አብርሃ ጅራ፦ በምዕራብ አርማጭሆና በመተማ ቆላማ ቀበሌዎች ጥቅምትና ኅዳር የልፋት ዋጋ የሚታይባቸው ወራት ናቸው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተከምሮና ተራግፎ ወደ ገበያ ሲወጣ ዓመቱን በብድርና በተስፋ የቆየው ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ ይጨብጣል። ዕዳው ተከፍሎ፣ የልጆች የትምህርት ወጪ ተሸፍኖ፣ ለመጭው ክረምት የዘርና የአረም ገንዘብ ተለይቶ የሚተርፈው ጥሪት ከዓመት ወደ ዓመት ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜም መጨረሻው ተሽከርካሪ መግዛት ይሆናል።

የሚገዛው ተሽከርካሪ በአብዛኛው የጃፓን ሥሪት ነው፤ ምርትና ሠራተኛ የሚያመላልስ አይሱዙ፣ በዋልካ መሬት ላይ የሚደፍር ሃይሉክስ፣ መንገደኛ የሚጭን ዶልፊን፣ ወይም ለከተማ ሥራ የሚሆን ቪትዝና ኮሮላ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ያገለገሉ ናቸው። የቆላው አርሶ አደር የሰሊጥን ጥራት እፍኝ አንሥቶ፣ በመዳፉ አሽቶና በዓይኑ አይቶ ይለያል። የአንድን ሞተር ዕድሜ፣ የአንድን አካል የግጭት ታሪክ ወይም የአንድን ሊብሬ እውነተኛነት ግን በዚህ መንገድ መለየት አይችልም። ስለዚህ «የትኛውን መኪና ልግዛ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ከማን ልግዛ?» የሚለው ይቀድማል።

ገበያው ገዢውን ለምን ያስቸኩላል?

ባለፉት ዓመታት የተወሰዱ ሦስት የፖሊሲ ርምጃዎች ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ገበያ ቀይረውታል። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። አዋጁ ያረጁ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ለማድረግ በማሰብ ታክሱን ከዕድሜና ከሞተር ጉልበት ጋር አያይዞ ከፍ አድርጎታል፤ ረጅም ዓመት ያገለገሉትና ትልቅ ሞተር ያላቸው አውቶሞቢሎች እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጥሎባቸዋል። ሁለተኛው በጥር 2016 ዓ.ም ይፋ የተደረገው በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃና መለዋወጫ በብር ሲተመን ዋጋው በእጅጉ ከፍ ብሏል።

የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። ቀድሞ የገባው የጃፓን መኪና በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል። ሃያ ዓመት የሞላው ቪትዝ እንኳ እንደ ቅርስ ይፈለጋል። ዕቃው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነበት ገበያ ሻጩ የሚጠየቅበት ዕድል ይጠባል፤ ገዢው ደግሞ «ዛሬ ካልያዝኩት ነገ አላገኘውም» በሚል ስጋት ቀብድ ለመስጠት ይጣደፋል። በክልሉ ያጋጠመው የጸጥታ ችግር ያስከተለው የጉዞ መጉላላት ሲታከልበት፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በዓይን ከማየት ይልቅ በስልክ በተላከ ፎቶና በደላላ ቃል መተማመን ይመጣል። የማጭበርበር በር የሚከፈተውም እዚህ ላይ ነው።

ከሰሊጥ ሚዛን የሚወሰድ ትምህርት

የአካባቢው አምራች ከሌላው ገዢ የሚለይበት አንድ ልምድ አለው። ሰሊጡን በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲሸጥ ሻጭና ገዢ በቃል ብቻ አይተማመኑም። ምርቱ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፤ ባዕድ ነገሩ ይለካል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ ክብደቱ በሚዛን ይረጋገጣል፤ ደረሰኝም ይቆረጣል። ይህን የሚሠራው ከሽያጩ ትርፍ የማያገኝ ሦስተኛ ወገን ነው። ሩቅ ያለው ገዢ ሰሊጡን ሳያይ የሚገዛው በሻጩ መልካምነት ተማምኖ ሳይሆን በደረጃውና በሚዛኑ ተማምኖ ነው።

ይህ መርሕ ለተሽከርካሪም ይሠራል። ታማኝ ሻጭ ማለት በአንደበቱ የሚያሳምን ወይም በዝምድናና በአገር ልጅነት የሚቀርብ ሰው ማለት አይደለም። ታማኝነቱ የሚለካው ዕቃውን በሌላ ሰው ሚዛን ለማስመዘን ባለው ፈቃደኝነት ነው። «እኔ እያለሁ ምን አጠራጠረህ?» የሚል ሻጭና «ወደምትፈልገው ጋራዥ ውሰደው» የሚል ሻጭ አንድ አይደሉም።

ደላላውም በዚህ ሚዛን መታየት አለበት። የደላላ ጥቅም ሽያጩ ሲፈጸም የሚገኝ ኮሚሽን ነው። ሐቀኛ ደላሎች የሉም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሥራው ጥቅም ከሽያጩ መፈጸም ጋር እንጂ ከመኪናው ጤንነት ጋር የተያያዘ አይደለም። ስለዚህ የደላላ ምስክርነት የመርማሪን ቦታ ሊተካ አይችልም። ሻጭ ወይም ደላላ የመረጠው መካኒክም እንዲሁ ነው፤ መካኒኩን ገዢው ራሱ ሊመርጥና ሊከፍለው ይገባል።

ከጃፓን ጨረታ እስከ ጎንደር

ጃፓን ውስጥ አዲስ የቤት መኪና በሦስተኛ ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ «ሻከን» የተባለውን ጥብቅና ውድ ምርመራ ማለፍ አለበት። ብዙ ባለንብረቶች ለዚህ ከመክፈል ይልቅ መኪናውን ይሸጣሉ። መኪናው ወደ ጨረታ ማዕከል ሲገባ ባለሙያ ይመረምረውና በአንድ ወረቀት ላይ ደረጃውን፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና እያንዳንዱን ጉድለት ይጽፋል። ለምሳሌ አራት ወይም አራት ተኩል ደረጃ ጥሩ ይዞታን ሲያመለክት፣ «አር» የሚለው ፊደል ተጋጭቶ የተጠገነ መሆኑን ይናገራል። መኪናው ከአገር ሲወጣም የሻንሲ ቁጥሩንና መጀመሪያ የተመዘገበበትን ጊዜ የያዘ የኤክስፖርት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

በሌሎች አገሮች የጃፓን ስፖርት መኪና የሚገዙ ሰዎች ታማኝ አስመጪን የሚለዩት በዚህ ወረቀት ነው። አሜሪካ ለአገሯ ገበያ ያልተሠሩ ተሽከርካሪዎችን ያለ ጥብቅ ማሻሻያ የምታስገባው 25 ዓመት ሲሞላቸው በመሆኑ እንደ ኒሳን ስካይላይን ያሉ መኪናዎች ዋጋቸው ንሯል፤ ማጭበርበሩም አብሮ አድጓል። ልምድ ያለው ገዢ ዋናውን የጨረታ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ራሱ ተጭበርብሮ ሊሆን ስለሚችልም በሻንሲ ቁጥሩ አማካይነት ያስጣራዋል። ሩብ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረ የስፖርት መኪና የሚገዛው ሰውና ያገለገለ ዶልፊን የሚገዛው የአብርሃ ጅራ ነዋሪ የሚጋሩት ችግር አንድ ነው፤ ሁለቱም ያላዩትን ታሪክ ይገዛሉ።

ወደ እኛ አገር የገቡት ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች ብዙዎቹ በዱባይ በኩል አልፈው በጅቡቲ ወደብ የመጡ ናቸው። ጃፓን በመንገድ ግራ የምትነዳ በመሆኗ ለራሷ ገበያ የሠራቻቸው መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በመንገድ ቀኝ ትነዳለች። ስለዚህ አንዳንዶቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ነው የገቡት። ይህ ሥራ በጥንቃቄ ካልተሠራ የመሪውን አሠራር፣ የፍሬኑን መያያዣና የኤሌክትሪክ መስመሩን ይነካል፤ የአየር ከረጢቱም ላይሠራ ይችላል። ሻጩ «መሪው ተገልብጧል ወይስ ከፋብሪካው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ስለ ሐቀኝነቱ ብዙ ይናገራል።

የአየር ከረጢት ነገር ለቆላው ነዋሪ ሌላም ትርጉም አለው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያመረታቸው የአየር ከረጢት መንፊያዎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተበላሽተው በግጭት ጊዜ ብረት እንደሚፈናጥሩ በመረጋገጡ በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ገደማ መንፊያዎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። ቶዮታን ጨምሮ የብዙ አምራቾች ሞዴሎች ይህ ጥሪ ይመለከታቸዋል። እንደ መተማ ባለ ሞቃት አካባቢ የሚነዳ አሮጌ መኪና ሲገዛ የሻንሲ ቁጥሩን በአምራቹ መረጃ ማጣራት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይቀድማል

የተበላሸ ሞተር በገንዘብ ይጠገናል። የተበላሸ ወረቀት ግን መኪናውን ጭምር ያሳጣል። በመጀመሪያ በሊብሬው ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከመኪናው አካል ላይ ከተቀረጹት ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለባቸው። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ቁጥር ከታየ ድርድሩ እዚያው ማብቃት ይኖርበታል። ቀጥሎ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይታያል።

ሦስተኛው የቀረጥ ነጻ ጉዳይ ነው። በእርሻ ኢንቨስትመንት በታወቀው በዚህ አካባቢ ከቀረጥ ነጻ የገቡ ተሽከርካሪዎች አሉ። እነዚህ መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፉት ቀረጡና ታክሱ ተከፍሎ፣ የጉምሩክ ፈቃድ ሲገኝ ነው። ዋጋው ከገበያው በጣም ያነሰ ሃይሉክስ ሲቀርብ ልዩነቱ ያልተከፈለ ቀረጥ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

አራተኛው እገዳ ነው። በባንክ ብድር የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ ተሽከርካሪ ስም አይዛወርም። ይህን በእርግጠኝነት የሚያሳየው በመዝጋቢው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያለው ፋይል እንጂ በሻጩ እጅ ያለው ሊብሬ አይደለም። ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ሻጭና ገዢ አብረው ሄደው ፋይሉን ቢያዩ ጥቂት ሰዓት ይፈጃል።

አምስተኛውና ብዙዎችን የሚጎዳው በውክልና መግዛት ነው። የስም ማዘዋወሪያ ወጪን ለመሸሽ ሲባል መኪናው በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ውክልና ግን በወካዩ ሞት ይቀራል፤ ወካዩም ሊሽረው ይችላል። በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ቢሞት ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ይፋጠጣል። ሻጩም ቢሆን ነጻ አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነውና። ስም ማዛወር ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው።

ከድንበር ማዶ የሚመጣው «ርካሽ» መኪና

በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ከተቀሰቀሰ ወዲህ በመተማ ዮሐንስ በኩል ብዙ ሕዝብ ወደ አገራችን ገብቷል። ጦርነት ባለበት ድንበር ንብረትም በርካሽ ይሸጣል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ንብረትም አብሮ ይመጣል። የጉምሩክ ሥርዓት ያልተፈጸመበት ተሽከርካሪ ኮንትሮባንድ ነው፤ ይወረሳል፤ እያወቀ የገዛውም በወንጀል ይጠየቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ መኪናው ካርቱም ውስጥ ከተዘረፈ ሰው የተወሰደ ሊሆን ይችላል። በዘመናት የድንበር ንግድ ከሱዳን ሕዝብ ጋር ለተሳሰረው የቆላው ነዋሪ ይህ የሕግ ብቻ ሳይሆን የጉርብትናም ጥያቄ ነው።

ሕጉ እስከ ምን ይጠብቃል?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ዝም ብሎ የከረመ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይሁንና አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው በመሆኑ፣ አይሱዙ ለጭነት ሥራ የገዛ ሰው በዚህ አዋጅ ብቻ መተማመን አይኖርበትም። የእርሱ ዋና ጋሻ የጽሑፍ ውሉ ነው።

ውሉ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡን፣ የግጭት ታሪክ መኖር አለመኖሩን፣ ቀረጡ መከፈሉንና እገዳ አለመኖሩን ሻጩ ያረጋገጠበት መሆን አለበት። ሙሉው ዋጋ መጻፍ ይኖርበታል፤ ታክስ ለመቀነስ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ዋጋ ክርክር ሲነሣ የሚጎዳው ገዢውን ነው። ክፍያው በባንክ ይፈጸም፤ የመጨረሻው ክፍያም ስሙ ሲዛወር ይሁን። ይህን የሚቀበል ሻጭ የሚያጣው ነገር የለም። የማይቀበል ከሆነ ግን ምክንያቱን መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ሸክሙ የገዢው ብቻ አይደለም

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ አርሶ አደር ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። የትራንስፖርት፣ የገቢዎችና የጉምሩክ ተቋማት መረጃ በአንድ ቦታ የሚታይበት አሠራር በወረዳ ደረጃ ቢኖር፣ ከአብርሃ ጅራ የተነሣ ገዢ ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱ ይቀርለታል። ሰሊጥን በጋራ የሚሸጡ ማኅበራትም ለአባሎቻቸው ነጻ መርማሪ መካኒክ በጋራ ቢቀጥሩ ወጪው ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል።

እስከዚያው ግን ገዢው በእጁ ያለውን ልምድ ይጠቀም። አንድ ኩንታል ሰሊጥ ያለ ሚዛን የማይሸጥ ሰው የብዙ ዓመት ሰሊጡን ያለ ምርመራ በአንድ ቀን ለማያውቀው ሻጭ ማስረከብ የለበትም። ከስምምነቱ በፊት ሻጩ ሦስት ነገሮችን ይጠየቅ፤ መኪናው ገዢው በመረጠው ጋራዥ እንዲታይ፣ ፋይሉ በመዝጋቢው ቢሮ አብሮ እንዲጣራ፣ የመጨረሻው ክፍያ ስም ሲዛወር እንዲፈጸም። ሦስቱንም ያለ ማንገራገር የሚቀበል ሻጭ ጥቂት ብር ቢያስጨምር እንኳ ይመረጣል።