ለአሮጌ ፒካፕ ትልቅ ጎማ ይበጃል ወይ?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መኪና ጎማ ነው። በሐይቅና በአምባሰል አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ እህልና ሽንኩርት የሚያመላልስ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። አስፋልቱ ደህና ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚገባው ግን በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ጭቃ ነው። የመኪናው ሆድ ድንጋይ ይነካል። ታዲያ አንዱ ይመጣና «ትልቅ ጎማ አስገባበት፤ ከፍ ይላል፤ ጭነትም ይችላል» ይላል። መኪናው ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ጭነት ይችላል የሚለው ግን ሰው ይገድላል።

እስቲ በመጀመሪያ ጎማው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። ጎማ ስትገዙም የሻጩን አፍ ትታችሁ ጽሕፈቱን እዩ።

በጎማው ጎን ላይ 225/75 ይላል እንበል። ቀጥሎ አር የምትባል የፈረንጅ ፊደል አለች። ከእሷ ቀጥሎ 16 ይላል። 225 የጎማው ስፋት ነው፤ በሚሊሜትር። ይህም 22 ሳንቲሜትር ተኩል ማለት ነው። 75 የጎኑ ቁመት ነው፤ ከስፋቱ መቶ እጅ 75 እጅ። ሲሰላ ወደ 17 ሳንቲሜትር ይመጣል። 16 የቸርኬው መጠን ነው፤ በኢንች። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲሜትር ስለሆነ 16 ኢንች 40.6 ሳንቲሜትር ይሆናል። አሁን ደምሩ። ከታች 17፣ ከላይ 17፣ መሀል ቸርኬው። ጎማው ሲቆም ቁመቱ 74 ሳንቲሜትር ከምናምን ነው።

ሻጩ ያመጣው ትልቁ ጎማ 265/75 ቢሆንስ? ቸርኬው ያው 16 ነው። በዚያው መንገድ ብታሰሉት ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር ከምናምን ይወጣል። በ6 ሳንቲሜትር በለጠ። ነገር ግን መኪናው በ6 ሳንቲሜትር ከፍ አይልም። ግማሹ ከመሀል በላይ ስለሚቀር መኪናው ከፍ የሚለው በ3 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ብር ለዚህ!

ለ3 ሳንቲሜትር የሚከፈለው ደግሞ ብር ብቻ አይደለም። ፍሬን ጎማውን የሚይዘው ከመሀሉ አጠገብ ነው። መሬት ጎማውን የሚያሽከረክረው ከጠርዙ ነው። ድንጋይ በእንጨት ስትፈነቅሉ ረጅም እንጨት ይረዳችኋል አይደለም? ጎማው ሲተልቅ ያ ረጅም እንጨት በመሬቱ እጅ ገባ ማለት ነው። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። በተናገርነው ምሳሌ መኪናው በዚያው የእግር ኃይል የሚያገኘው መያዣ ከመቶ ከ7 እጅ በላይ ይቀንሳል። ከደሴ ማዳበሪያና ሰው ጭኖ ወደ ሐይቅ ቁልቁል ለሚወርድ ሾፌር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዳገትም ላይ ያው ነው። ሞተሩ ይደክማል፤ አንደኛ ማርሽ ይበዛበታል፤ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል። ቆጣሪውም ይዋሻል። 60 ሲል መኪናው 65 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ነው።

ወደ ጭነቱ እንምለስ። ከመጠኑ ቀጥሎ ሌላ ቁጥር አለ። 112 ካለ አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። አራቱ 4480 ኪሎ። ይህን ያሰላ ሰው «እንግዲያው እንጫን!» ይል ይሆናል። ግን ጭነቱን የተሸከመው ጎማው ብቻ ነው እንዴ? ባሌስትራው አለ፤ አክሱ አለ፤ ፍሬኑ አለ። አሮጌው ፒካፕ አንድ ቶን ያህል እንዲጭን ተሠርቶ ከሆነ፣ የጎማው ቁጥር ቢያድግም የሚጭነው ያው አንድ ቶን ነው። አርጅቷልና እንዲያውም ቢያንስ ይሻላል።

በእኔ በኩል ባሌስትራው የፋብሪካው እስከሆነ ድረስ የፋብሪካው ጎማ መጠን ይሻላል እላለሁ። ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ምረጡ፤ ለጭቃ የሚጠቅመው ጥርሱ ነው። በተረፈው ብር የፍሬን ሸራ ቀይሩ፤ የተኛውን ባሌስትራ አሠሩ። ባሌስትራ ሲተኛ መኪናው ዝቅ ይላልና ያጣችሁትን ከፍታ እዚያ ታገኙታላችሁ። ባሌስትራ ላይ ብረት እየጨመሩ ማስረዘምን ግን አልወደውም። ጭነቱ ከፍ ሲል መኪናው ጠመዝማዛ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

«የለም፣ ትንሽ ከፍ ይበል» የሚል ካለ ከአንድ ደረጃ አይለፍ። ለምሳሌ ከ225 ወደ 245። ከመግዛቱ በፊት አንዱን ተውሶ ይሞክር። ባዶ መኪና ላይ የገባ ጎማ ሲጫን ይነካል። ስለዚህ መኪናው ጭነቱን ይያዝ። አንዱ የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ ይውጣ። ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ይዙር። ጎማው ፓራፋንጎውን ወይም የፍሬን ቱቦውን ከነካ አይሆንም። የተነካ ጎማ እየተፋቀ ይሄድና ቁልቁለት ላይ ይፈነዳል።

አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ስኮርታውም ጭምር። በአራት ጎማ የሚጎትት መኪና የፊቱና የኋላው ከተለያየ ዲፈረንሻሉ ይሰበራል። ያገለገለ ጎማ ከሆነ ደግሞ በጎኑ ላይ ለብቻቸው የተጻፉ አራት ቁጥሮችን ፈልጉ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ብዙ አለ።