የምክር አገልግሎት የተማሪውን አመኔታ ይሻል

አዲስ አበባ፤ የዩኒቨርሲቲዎች የምክር አገልግሎት ውጤታማ የሚሆነው ተማሪው ምስጢሩ እንደሚጠበቅለት ሲተማመን ነው።

ከኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ወደ ሩቅ ክልል የሚሄድ ወጣት ከቤተሰቡ ተለይቶ ከማያውቃቸው ጋር በአንድ ማደሪያ መኖር ይጀምራል። የውጤት ስጋትም አይለየውም። ጥር 2015 ዓ.ም ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከ896 ሺህ 520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ወይም 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ይህን ተከትሎ በተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም የታቀፈ ተማሪም የማለፊያ ነጥብ ካላገኘ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የምክር አገልግሎቱ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተደራጀው በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ሥር ነው። የዲሲፕሊን ጉዳይ በዚያው በሚታይበት ግቢ፣ የተናገርኩት በኋላ ማስረጃ ይሆንብኛል ብሎ የሚሰጋ ተማሪ የአማካሪውን በር አያንኳኳም። "አእምሮው ታሟል" መባልም ያስፈራዋል።

በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መገለልን ፈርተው ሕመማቸውን በሚሸሽጉበት ዘመን ነበር። ተቋሙ ሕክምናን ከተሃድሶና ከባለሙያ ሥልጠና ጋር አጣምሮ መሥራቱ ለዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርት ይሰጣል።

ስለሆነም የዩኒቨርሲቲ አመራሮች የምክር አገልግሎትን ከዲሲፕሊን ሥራ ሊለዩ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ ካላጋጠመ በቀር የተማሪው መዝገብ ያለ ፈቃዱ እንዳይገለጥ ሊያደርጉና የሠለጠነ ባለሙያ በበቂ በጀት ሊመድቡ ይገባል።