ጥፋቱ የእጅ ነው ወይስ የማውሱ?



በዚህ አምድ ስለ ትምህርትና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬው ጉዳያችን ግን በመዳፍ ሥር የምትገባ አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት፤ የኮምፒውተር ማውስ። «ለዚህም አምድ ይባክናል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም በእሷ ሰበብ አንድ የተከበሩ ሰው ባናሳዝን ኖሮ እንደናንተው እንል ነበር።

በምናስተምርበት መድረሳ ከዐስር ሰላት በኋላ የሚሰጥ የኮምፒውተር ትምህርት አለ። ኮምፒውተሮቹ አሮጌዎች ሲሆኑ የሚሠሩት በኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው ሊኑክስ ላይ የተገነባና በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሥርዓት ነው። ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የተጻፈበትም ኮድ ለማንም ክፍት ነው። የመረጥነው ገንዘብ ስለሌለን ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ያልፈቀደውን ፕሮግራም ገልብጠን እየጫንን ልጆቹን ስለ አማና ማስተማር ስላልተዋጠልን ነው።

ከተመዘገቡት መካከል አንድ ሸኽ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ በወሎ ሐሪማዎች ቀርተው ያደጉ፣ ኪታብ በእጃቸው እየጻፉ ያረጁ ሰው ናቸው። ጽሕፈታቸውን ያየ ሁሉ ይደነቃል፤ መስመር ሳይሰመርለት እንኳ ቃሉ ከቦታው ዝንፍ አይልም። ሐሳባቸው የነሕው ማስታወሻቸውን በኮምፒውተር ጽፈው ለደረሶቻቸው ማባዛት ነበር።

ማውሱ ግን አልታዘዝ አላቸው። ፋይሉ ላይ ሊያሳርፉት ሲሉ ቀስቱ ዘሎ ስክሪኑ ጥግ ይገባል። ቀስ ብለው ሲመልሱት ደግሞ እጃቸው የጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ ቀስቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ማውሱን አንስተው መልሰው ያስቀምጡና እንደገና ይሞክራሉ። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቃቸውን አፈኑ። እኛም፣ አላህ ይማረንና፣ «ዕድሜ ነው፤ ቀስ በቀስ ይለምዱታል» ብለን አለፍን። በሦስተኛው ሳምንት ሸኻችን ሳይመጡ ቀሩ። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ እጄ ደክሟል። ይህ ለናንተ ዘመን የመጣ ነገር ነው» አሉን። የደከመ እጅ እንዳልነበረ ግን በጠረጴዛቸው ላይ የተዘረጋው ጽሑፍ ይመሰክር ነበር።

ምክንያቱን የነገረን ማን መሰላችሁ? ጨዋታ አበዛህ እያልን ዘወትር የምንቆጣው የ10ኛ ክፍል ተማሪ! «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ መጀመሪያ የማደርገው አክስለሬሽኑን ማጥፋት ነው፤ ካልጠፋ ዒላማ አይመታም» አለን። ስለ ጨዋታው ያለን አስተያየት አልተለወጠም። በዚያች ዕለት ግን ተማሪዎቹ እኛ ነበርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማውስ የተጓዘውን ርቀት በጥቃቅን እርምጃ እየቆጠረ ለኮምፒውተሩ ይልካል። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያባዛና ቀስቱን በዚያው ልክ ያንቀሳቅሳል። የሚያባዛበት ቁጥር የማይለዋወጥ ቢሆን አንድ ስንዝር የሄደ እጅ ቀስቱን ሁልጊዜ እኩል በወሰደው ነበር። ኡቡንቱ እንደተጫነ ግን የሚያባዛው የእጃችንን ፍጥነት እያየ ነው፤ ቀስ ስንል ያሳንሳል፣ ስንፈጥን ያበዛል። አምስት ሳንቲ ሜትር በዝግታ ብንሄድ ቀስቱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ያችኑ አምስት ሳንቲ ሜትር በችኮላ ብንሄድ የስክሪኑን ወርድ ሊያቋርጥ ይችላል። (የፊዚክስ ተማሪዎች ልብ በሉ፤ ስሙ ያሳስታል። የሚታየው የእጅ ፍጥነት ነው እንጂ የፍጥነቱ ለውጥ አይደለም።)

ይህ ለክፋት የተሠራ አይደለም። ጠረጴዛው ጠባብ፣ ስክሪኑ ሰፊ ለሆነ ሰው ይጠቅማል፤ በአንድ ውርወራ ከዳር ዳር ይደርሳል፣ ቀስ ሲል ደግሞ ትንሿን ምልክት ያገኛል። የለመደ እጅ ጭራሽ አይታወቀውም። የሚቸገረው ጀማሪው ነው። ሲስት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ቀስቱ ከገመተው አልፎ ይዘላል፣ ያን ጊዜ ይብስ ይደነግጣል። በብዕር ለኖረ እጅ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ ነው። ቀለም ነክሮ አሊፍ የሚያሰምር ሰው ቢፈጥንም ቢዘገይም የአሊፉ ቁመት እጁ የሄደውን ያህል ነው። ቤት ውስጥ እናት ወይም አያት ኮምፒውተር ሲነኩ ቀስቱ ቢጠፋባቸው፣ «አይሆንላቸውም» ከማለታችን በፊት ይህችን ነገር ብናይ ይሻላል።

ማጥፋቱ ከአንድ ደቂቃ አይፈጅም። በኡቡንቱ 24.04 ላይ «ሴቲንግስ» ይከፈትና በግራ በኩል ካለው ዝርዝር «ማውስ ኤንድ ታችፓድ» ይመረጣል። እዚያ ውስጥ «ማውስ አክስለሬሽን» የምትል ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ እሷን ማጥፋት ነው። ይህች ማጥፊያ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ግኖም 44 ጋር ስለሆነ እንደ ኡቡንቱ 22.04 ባሉት ቀደምቶች ላይ አትገኝም። በእነዚያ ላይ «ትዊክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ፣ በ«ኪቦርድ ኤንድ ማውስ» ሥር «አክስለሬሽን ፕሮፋይል» የሚለውን «ፍላት» ማድረግ ነው።

ካጠፋችሁ በኋላ ቀስቱ የተንቀራፈፈ ወይም የቸኮለ ከመሰላችሁ መልሳችሁ አታብሩት፤ «ፖይንተር ስፒድ» የሚለውን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እየገፋችሁ እጃችሁ የሚወደውን ፈልጉ። ይህኛው መጠኑን ይለውጣል እንጂ በፍጥነት አያለዋውጠውም። የላፕቶፕ መዳሰሻ በዚህ አይነካም፤ ባይነካም ጥሩ ነው፣ በዚያች ጠባብ ሰሌዳ ላይ ያለ አክስለሬሽን ጣት ይደክማል። እኛን ያሳሳተንን አንድ ነገር ደግሞ እንንገራችሁ። ማስተካከያው የሚሠራው ላደረገው ተጠቃሚ ብቻ ነው። እኛ በራሳችን ስም ገብተን አጥፍተን፣ ሸኹ በሌላ ስም ሲገቡ ያው እንደነበረ ሆኖ ሊቆያቸው ነበር። ልጁ ነው ያስታወሰን።

ከዚያ በኋላ ልጁን ይዘን ቤታቸው ሄድን። «ሸኻችን፣ አውፍ ይበሉን፤ ጥፋቱ የእጅዎ አልነበረም» ብለን ነገሩን አስረዳናቸው። ዝም ብለው ሰሙና «መስፈሪያው እየተለዋወጠ እጅ እንዴት ይልመድ?» አሉ። ከዚያም ወደ ልጁ ዞረው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የት እንደሚቀራ ጠየቁት። ልጁ እኛ ስንቆጣው አንገቱን ደፍቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ደፋ።

በማግስቱ ተመለሱ። በአንድ ቀን ቀና ማለታችን አይደለም። ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቷል፤ አሁንም ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረጉ አልፎ አልፎ ያመልጣቸዋል። ቀስቱ ግን አይጠፋባቸውም፤ ከኋላ የሚሰማ ሳቅም የለም። ከነሕው ማስታወሻቸው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ገጾች ጽፈዋል፤ ልጁም ከሰላት በኋላ እየመጣ ያትምላቸዋል። በዚያው አጋጣሚ አንዳንዴ ያቀሩታል።

አሁን ስሞታቸው ወደ ኪቦርዱ ዞሯል። ዐረብኛና አማርኛ በአንድ መስመር ሲጽፉ ነጥቡ ወደ ማዶ እየዘለለ ተቸግረዋል። እሱን በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እናየዋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።