ሻንሲው ከተለወጠ ሊብሬውም ይለወጥ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በአሮጌ ፒክአፕ ቦዲ ሥር ከሌላ አዲስ መኪና የወጣ ሻንሲ ስለ ማስገባት ያለኝን አሳብ በአንባቢያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ለመካኒኮች ብቻ የተተወ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ከደመወዙ አጠራቅሞ ያገለገለ መኪና የሚገዛውን ሰው ሁሉ የሚነካ ነው።

ይህ ሥራ እጅግ የተለመደው በአሜሪካን አገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 እስከ 1955 ዓ.ም. የተሠራው ሼቭሮሌ 3100 ፒክአፕ እስከ ዛሬ ብዙ ወዳጅ አለው። መልኩ ያማረ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ዕቃ የዚያው ዘመን ዕቃ ነው። የፊት እግሮቹ በአንድ ወጥ ብረት ተያይዘው በባሌስትራ ላይ የተቀመጡ ስለ ሆኑ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ይናወጣል። የፍሬኑ ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ነው፤ ይኸውም አንድ ቧንቧ ቢበሳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል ማለት ነው። የመሪው ዘንግ ደግሞ ግጭት ሲደርስ የማይታጠፍ በመሆኑ የነጂውን ደረት ያሰጋል።

ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ጋቢናውንና የጭነት ሳጥኑን አንሥተው፣ ያው ኩባንያ ከ1982 እስከ 2004 ዓ.ም. በሠራው ኤስ-10 በሚባለው ፒክአፕ ሻንሲ ላይ ያስቀምጡታል። ይህም የሚቻለው የፒክአፕ ቦዲና ሻንሲ የተለያዩ በመሆናቸው ነው። ሻንሲው እንደ መሰላል በአግዳሚ የተያያዙ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ሲሆን ቦዲው በቡሎን ይታሰርበታል። በአሮጌው መኪና ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 295 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የጭነት ሳጥኑ ረጅም በሆነው ኤስ-10 ደግሞ 300 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ቢቀራረብም ማሰሪያው ስለማይገጥም አዲስ መደገፊያ ተሠርቶ ይበየዳል። ሥራው ሲፈጸም ባለቤቱ የፊት ዲስክ ፍሬን፣ በሁለት መስመር የተከፈለ የፍሬን ዘይትና ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ የፊት እግሮች ያገኛል።

«የጥንት ዕቃ ተበላሸ» ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ አሳባቸውም ከንቱ አይደለም። ሻንሲው ያልዛገና ያልተነካካ ብርቅ መኪና ሲገኝ እንዳለ መጠበቅ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ከተቈረጠ የሚመልሰው የለምና። ሻንሲው በዝገት ተበልቶ ከሆነ ግን ልጆቹን አሳፍሮ ለሚሄድ ሰው ከታሪክ ይልቅ ፍሬን ይበልጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። በሊብሬ ላይ የሚጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ነው። ሻንሲው ሲለወጥ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል። ፈተናውም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ምልልሱን የሰለቸ ሰው አዲሱን ቁጥር በሞረድ ፍቆ የአሮጌውን ቈርጦ ያስበይዳል። በአሜሪካን አገር የመኪናን መለያ ቁጥር ዐውቆ መፋቅ ወይም መለወጥ በፌዴራል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። ቁጥር የሚፋቅበት ጋራዥ ለተሰረቀ መኪናም መደበቂያ ይሆናልና።

ይህ ነገር ከእኛም የራቀ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አገልግለው በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታውቋል። በዚህ ጊዜ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ብልህነት ነው። ነገር ግን ከተገለበጠ መኪና የወጣ ሻንሲ በሌላ መኪና ሊብሬ ቢሄድ የሚጎዳው ገዢው ነው። ገዢ ቀለሙን ያያል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ ሊብሬውን ያነባል፤ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ የሚመለከት ግን ስንቱ ነው?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ጋራዡ ሻንሲው ከየትኛው መኪና እንደ ወጣና የት የት እንደ ተበየደ ጽፎና ፈርሞ ለባለ መኪናው ይስጥ። ሁለተኛ፣ ለቦሎ የሚመረምሩ ሠራተኞች መብራትና ጡሩምባ አይተው አይለፉ፤ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ያመሳክሩ፣ ብየዳውንም ይመልከቱ። ተቈርጦ ጫፍ ለጫፍ የተበየደ ሻንሲ ማጠናከሪያ ብረት ካልተደረበበት ጭነት ሲበዛበት ከዚያው ሊሰነጠቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ ለውጡን በግልጽ አስመዘግባለሁ ለሚል ሰው መንገዱ አጭር፣ ክፍያውም የታወቀ ይሁን።

በዚህ በሦስተኛው ነገር እኛ የቢሮ ሰዎች ድርሻ አለን። እውነቱን ይዞ የመጣውን ባለ ጉዳይ «ነገ ተመለስ» እያልን ካጉላላነው፣ ለቁጥር ፋቂው ደንበኛ የምናበዛለት እኛው ነን። አሮጌ ጋቢና በአዲስ ሻንሲ ላይ ቢቀመጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሌላ መኪና ወረቀት ይዞ ሲሄድ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ