በኮድ ብሎክ ውስጥ የተጻፈ «ሪተርን» ወዴት ይመልሳል?

የኮድ ብሎክን ለፈንክሽን አሳልፎ መስጠት የሚያስችል አዲስ አገባብ ለአንድ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ በቀረበ ቁጥር ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በምልክቶች ዙሪያ ይወሰናል፤ ቅንፉ ይቅር ወይስ ይኑር፣ ቀስት ይግባ ወይስ አይግባ። ምልክት ለዓይን ቅርብ በመሆኑ ሁሉም አስተያየት አያጣለትም። ክብደት ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በብሎኩ ውስጥ «ሪተርን» ቢጻፍ የሚያበቃው ብሎኩ ብቻ ነው ወይስ ብሎኩን የያዘው ፈንክሽን ጭምር?

በሩቢ ተራ ብሎክ ውስጥ የተጻፈ ሪተርን ብሎኩ የተጻፈበትን ፈንክሽን ያስቆማል፤ በላምዳ ውስጥ የተጻፈው ግን ከላምዳው ብቻ ይወጣል። የመጀመሪያው አሠራር የተፈለገው ነገር እንደተገኘ ፍለጋን ለማቋረጥ እጅግ ምቹ ነው። ሆኖም ብሎኩ ተቀምጦ ቆይቶ ፈንክሽኑ ካለቀ በኋላ ቢጠራ ሪተርኑ የሚመለስበት ቦታ ስለማይኖር ስህተት ይነሣል።

ጃቫም በዚህ ጥያቄ አልፏል። በ2006 ጊላድ ብራካ፣ ኒል ጋፍተር፣ ጄምስ ጎስሊንግና ፒተር ፎን ደር አሄ ያቀረቡት ሐሳብ ሪተርን ወደ ውጭኛው ፈንክሽን እንዲሻገር ይፈቅድ ነበር። በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የያዘው ላምዳ ግን ሪተርንን በራሱ ወሰን ውስጥ አስቀርቷል። ቀስቱ ለብዙዎች ውበት የጎደለው ቢመስልም አንባቢውን አያሳስትም፤ ይህ እንደ ጥቅም ሊቆጠርለት ይገባል።

ስዊፍት በአንጻሩ የመጨረሻውን ብሎክ ከቅንፍ ውጭ ማውጣት ይፈቅዳል። በ2020 የወጣው ስዊፍት 5.3 ይህን አስፋፍቶ በርካታ ብሎኮችን ማከታተል አስቻለ፤ የመጀመሪያው ብሎክ መለያ ስም መቅረቱም ብዙ አከራከረ። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም የከፋው አደጋ በስሙ ላይ አልነበረም። «ፎርኢች» በሚባለው ፈንክሽን የተጻፈ ብሎክ በመልኩ ከተራ ሉፕ እምብዛም አይለይም። ሆኖም «ብሬክ» አይሠራበትም፤ ሪተርንም የሚዘልለው የዚያን ዙር ብቻ ነው። ባዶ ሪተርን ሲሆን ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ ፕሮግራመሩ ሥራው የቆመ ሲመስለው ቀሪዎቹ ዙሮች ይቀጥላሉ። ኮዱን የሚገመግም ባልደረባም ስህተቱን በዓይኑ ሊያገኘው ይቸገራል፤ አገባቡ የተሠራው ሉፕ እንዲመስል ነውና።

ለዚህ የተሻለው መፍትሔ የኮትሊን ይመስላል። ኮትሊን ላምዳን ከቅንፍ ውጭ ማውጣት ቢፈቅድም፣ ሪተርን ወደ ውጭ የሚሻገረው ላምዳውን የተቀበለው ፈንክሽን «ኢንላይን» ሲሆን ነው። በሌላው ሁሉ ወዴት እንደሚመለስ የሚያሳይ መለያ ያልተጻፈበት ሪተርን በኮምፓይለሩ ውድቅ ይሆናል። ዋጋው ታዲያ ቀላል አይደለም፦ አንባቢው የተጠራው ፈንክሽን ኢንላይን መሆኑን ለማወቅ ፍቺውን ከፍቶ ማየት ሊኖርበት ይችላል። ቢሆንም ጥርጣሬው የሚፈታው ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው።